የሆሳዕናው ዘንባባ ሳይደርቅ ደጋ የወጣበት መንገድ

ቋሪት ደጋ ነው። ገብስና ድንች ይሆንለታል፣ ዘንባባ ግን አይሆንለትም። ስለዚህ ሆሳዕና በደረሰ ቁጥር አንድ ሰው ቆላ ወርዶ ዘንባባ ያመጣል። በእኛ ደብር ያ ሰው እኔ ነኝ። እስከ ዘንድሮ ድረስ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወርጄ ነጋዴ ያመጣውን ገዝቼ እመለስ ነበር። ያ ቅጠል ገበያ ሲደርስ ቀድሞውንም የሰነበተ ነው። አምና እጄ ላይ ደረቀ። ሰው በጣቱ ቀለበት ሊያደርገው ሲያጥፈው ቀጭ እያለ ተሰበረ፤ ዑደቱ ሳያልቅ የብዙው ጣት ባዶ ቀረ።

የደብሩን ንብረትና ሥርዓት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዛችን ዘንድሮ በኒቆዲሞስ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝ።

«ካሴ፣ ዘንድሮም ደርቆ ከመጣ ከእንግዲህ ሰው አንልክም። ደጃችን ላይ ባለው ወይራ እናከብራለን» አሉኝ።

«ወይራ ክፉ ዛፍ ነው አልልም፤ አባቶቻችን የያዙት ግን ዘንባባ ነው። እኔ በቁሜ አይቀርም» አልሁ።

«እንግዲያው አርጥበህ አምጣው» አሉ፤ ሰውም ሰማ። ነገሩ ያኔ አለቀ። ወይ ርጥብ ዘንባባ፣ ወይ ከናካቴው ዘንባባ የለም።

በእድሜያችሁ ወደዚያ ላልወረዳችሁ፣ ወደፊትም ለማትወርዱ፣ የሄድሁበትን እንዳየሁት እነግራችኋለሁ። ዳዊት ሳልደግም ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣሁ ነኝና ቃል ቢያንሰኝ ሙሉልኝ።

ሰኞ

ዘንድሮ ገበያ ላይ ላልቆም ቆርጫለሁ። እስከ ዛፉ ድረስ ልሄድ ነው። ቡሬ ላይ የእህቴ ልጅ እናትነሽ አለች። ከጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ ቅጠል የማያበሰብስ መጠቅለያ ይሠራሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ስደውልላት ደስ አላት፤ «ሲመጡ ጦስኝ በማዳበሪያ ይዘው ይምጡልኝ» አለችኝ። ቡሬ ሻይ ጠፋ እንዴ ብዬ ተገረምሁ። ጦስኝ እኛ ዘንድ በግ የሚረግጠው ነገር ነው። አጭጄ ማዳበሪያ ሞላሁላት።

ከወረዳችን ከተማ ከገበዘ ማርያም በቅጥቅጥ መኪና ተነሣን። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው ተነፈሰ፤ መለዋወጫውም የተነፈሰ ነበር። ሾፌሩ ጎማውን በሌላ መኪና ልኮ እስኪያሠራ ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጥን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንዲት የማላውቃት ሴት ከአገልግሏ የባቄላ ንፍሮ አውጥታ ለሁላችንም አደለች። «ጾመኛ ሳይቀምስ እኔ ምን አፍ አለኝ» አለች። ስሟን ሳልጠይቅ ወረደች፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ፍኖተ ሰላም ስንገባ ጋቢዬን አወለቅሁ። እኛ ዘንድ በዚህ ሰዓት ጋቢ ይደረባል እንጂ አይወልቅም። አልጋ ቤት ያዝሁ። ባለቤቲቱ አረጋዊት ናቸው፤ ሽሮና ቃሪያ አመጡልኝ። አልጋው የስፖንጅ ፍራሽ አለው፤ ብተኛበት ሰመጠብኝ። ወርጄ ከወለሉ ላይ ጋቢዬን አንጥፌ አደርሁ።

ጠዋት አልጋው እንዳለ ተነጥፎ ሲያዩት «አባባ፣ አልጋው ምን በደለዎት?» አሉኝ።

«ሊውጠኝ ነበር እናቴ።»

ማክሰኞ

አውቶብስ ተራ ላይ የቡሬ መኪና የሚቆምበትን አውቀዋለሁ ብዬ ሳልጠይቅ ገባሁ። መስኮት አጠገብ ጥሩ ወንበር አገኘሁ። መኪናው ከከተማ ሲወጣ ረዳቱ ሒሳብ ሊሰበስብ መጣ።

«አባባ፣ የት ነዎት?»

«ቡሬ።»

«ቡሬማ በወዲያ ነው። እኛ ደምበጫ ነን።»

«እንዴት ይሆናል? ቡሬ በዚህ ነው» አልሁት።

ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ ጣልቃ ገባ። «አባባ፣ ቡሬ ራሷ ተነሥታ ካልመጣችልዎት በዚህ አያገኟትም።»

«ትምጣ እንግዲህ» ብዬ ተቀመጥሁ። ሰዉ ሳቀ። ውረዱ ቢሉኝም አልወረድሁም፤ የገባሁበትን መንገድ ሳልጨርስ መመለስ አልወድም። ደምበጫን በዚህ ምክንያት አየኋት። ደህና ከተማ ናት፣ አውቶብስ አላፊ አግዳሚው ብዙ ነው፤ የእኔ ጉዳይ ግን እዚያ አልነበረም። ያው ረዳት በመልሱ አሳፈረኝ፤ ሒሳብ ስሰጠው «ደምበጫን ስለጎበኙልን» ብሎ እምቢ አለኝ። እየተሳለቀብኝ ነው፣ ግን ደግ ልጅ ነው።

ቡሬ የደረስሁት ሲመሽ ነው። እናትነሽ መናኸሪያው ላይ ስትጠብቀኝ ውላለች። እግሬን በሞቀ ውኃ አጠበችኝና ተልባ በጥብጣ አበላችኝ። ጦስኙን ከማዳበሪያው ውስጥ በእጇ እየዘገነች ስታሸት «ይኼ ነው፣ ይኼ ነው» ትላለች። ወርቅ ያመጣሁላት መሰለኝ።

ረቡዕ

ጠዋት የሚሠሩበትን ቤት አሳየችኝ። አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። በአንድ በኩል የጤፍና የገብስ ገለባ በአመድ ውኃ በበርሜል ይቀቀላል። ሲበስል ይወቀጣል፣ ይታጠባል፣ በወንፊት ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ወረቀት ይሆናል። እኔ በሬ የሚበላውን ገለባ ወረቀት ሲሆን ሳይ ቆሜ ቀረሁ። ቀጥሎ በአንድ ወገኑ የቀለጠ የንብ ሰም ይቀቡታል። በመጨረሻ ትንንሽ የጨርቅ ከረጢት ይሰፋሉ፤ ውስጧ የተፈጨ ከሰልና የጦስኝ ዘይት አለ። ቅጠሉን በወረቀቱ ጠቅልለው ከረጢቷን መሐል ይከቷታል።

«ምን ያደርጋል ይኼ ሁሉ?» አልኋት።

«አጎቴ፣ ቅጠል ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል። ያልበዋል። የሚያበሰብሰው ያ ላብ ነው።»

«ከሰሉስ?»

«ላቡን ይጠጣል።»

«ጦስኙ?»

«ሻጋታ ሽታውን አይችለውም።»

«ሰሙ ደግሞ?»

«የቅጠሉ ውኃ ጨርሶ እንዳያልቅ ይከለክላል።»

«አንዱ ያደርቃል፣ አንዱ ያረጥባል። ባልና ሚስት በሉት» አልሁ። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ሳቁ።

ፌስታል ለምን አይሆንም ብዬ ልጠይቅ ነበር፣ መልሱን ራሴ አውቀዋለሁ። ጎረቤቴ ላሙ ፌስታል ውጣ ሞታበታለች፤ ሆዷ ሲከፈት የወጣውን በዓይኔ አይቻለሁ። ይህኛውን ላም ብትበላው ገለባዋን በላች ነው። ማሳ ላይ ቢጣልም ይበሰብሳል።

«ዘንባባ ሞክራችሁበት ታውቃላችሁ?» ብላት አንገቷን ነቀነቀች።

«ለጎመንና ለቆስጣ ነው የሠራነው። ዘንባባ በአንቱ ይሞከራል። አንድ ነገር ብቻ አደራ አጎቴ፣ ውኃ እንዳይነካው። ከሰሉ ውኃ ከጠገበ የቅጠሉን ላብ አይጠጣም።»

ይህ አልገባኝም። ዘንባባ በመንገድ ላይ ውኃ እየተረጨ እንጂ በደረቁ ሄዶ አያውቅም። ስለዚህ በልቤ እኩሌታውን በወረቀቱ፣ እኩሌታውን እንደ ድሮው በርጥብ ጆንያ ልይዝ ወሰንሁ። ለእርሷ አልነገርኋትም።

ከሰዓት እህል ሊጭን ባዶውን በሚወርድ አይሱዙ ወደ ዓባይ በኩል ወረድሁ። ከመኪናው ወርጄ ቀሪውን በእግሬ። ሙቀቱ ፊትን ይገርፋል። ሰዉ የማሽላ እንጀራ ይበላል፣ ቤቱ ሰፊ በር አለው፤ የእኛ ቤት ብርድ እንዳይገባ በሩ ጠባብ ነው። ያረፍሁት አያ ጓዴ ዘንድ ነው፤ ልጁ ከእናትነሽ ጋር ትሠራለች። ከቤቱ በታች ወንዝ ዳር ዘንባባው ተደርድሮ ቆሟል። ያንን ሁሉ ቅጠል በእድሜዬ በአንድ ላይ አይቼ አላውቅም።

ፀሐይ ስትበርድ ቆረጥን። አያ ጓዴ ከአንድ ግንድ ከአንድ ዘለላ በላይ አያስነካም። ገና ያልተገለጠውን፣ ነጣ ያለውን ለጋ ነው የሚመርጠው።

«ዋጋው?» ብዬ ብጠይቀው ተቆጣኝ።

«ለሆሳዕና ቅጠል አልሸጥሁም፣ አልሸጥም። ደብራችሁ ይጸልይልኝ።»

እኩሌታውን እንደታዘዝሁት በወረቀት ጠቀለልሁ። እኩሌታውን በርጥብ ጆንያ አሰርሁ። ጓዴ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይኼ ጋዜጣ ነው ወይስ ጧፍ?» አለኝ። እንደ ጧፍ ሰም ሰም ይሸታል፣ እውነቱን ነው።

ሐሙስ

ማለዳ ልነሣ ነበር፣ የማርያም ቀን ሆኖ ዋለ። «በማርያም ቀን እንግዳ ከቤቴ አይወጣም» አለ ጓዴ። ቅጠሌ ይሞትብኛል ብዬ ብነግረው «ማርያም ያላቆየችውን ወረቀት አያቆየውም» አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

ስንመለስ ሚስቱ ጥሩዬ በር ላይ ፈገግ ብላ ቆማ ተቀበለችን።

«አያ ካሴ፣ ቅጠልዎ በዚህ ሙቀት እንዳይጠማ አጠጣሁልዎ።»

ሄጄ አየሁ። ሰሙ ውኃ አላሳልፍ ቢላት የጥቅሎቹን አፍ አንድ በአንድ ፈትታ፣ በቅል እየቀዳች፣ እስከ ውስጥ አጠጥታዋለች። ከረጢቶቹ እንደ ራሰ ጥጥ አብጠዋል። ከሰሉ ጥቁር ውኃ ያንጠባጥባል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኋት። ሌላ ምን ይባላል? እኔስ እንግዳ ቤቴ ቅጠል ይዞ ቢያድር የማደርገው ይህንኑ አይደለም?

ወንዙ ዳር ስልክ አይሠራም። ጉብታው ላይ ወጥቼ እናትነሽን አገኘኋት። የሆነውን ነገርኋት። «ከረጢቶቹን ያውጧቸው። ቅጠሉን አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ወረቀቱን ጥላ ላይ ያስጡት፤ ፀሐይ ላይ ከሆነ ሰሙ ይቀልጣል። ነገ እኔ ጋ ይድረሱ» አለችኝ።

ስመለስ ጥሩዬ ነገሩን ከፊቴ አነበበችው። ሳልፈልግ ነገርኋት። ቅል የያዘችበትን እጇን አየች። ወደ ጓዳ ገብታ ለበዓል ያጠበችውን ነጭ ነጠላ ይዛ ወጣች።

«ተይው፣ ከሰሉ ያጠቁርብሻል» አልኋት።

«ይጥቆር።»

ጓዴ «ዛሬ እኮ ማርያም ናት፣ ሥራ አይሠራም» ብሎ ሊያስቆማት ሞከረ።

«ለልጇ በዓል የሚሆን ቅጠል መጥረግ ሥራ አይደለም፤ ጥያቄ ካለህ እርሷን ጠይቃት» አለችው። እርሱም ቁጭ አለ፤ አንዱን ቅጠል አንሥቶ በኩታው ጫፍ ይጠርግ ጀመር። ሦስታችንም እስኪመሽ ስንጠርግ ዋልን። የነጠላው ጥለት አመድ መሰለ። እስከ ዛሬ የለቀቀላት አይመስለኝም።

ጆንያውን ግን እንደረጠበ ተውሁት። እርሱ መርጠብ የሚገባው ነዋ።

ዓርብ

ያው አይሱዙ እህሉን ጭኖ ሲመለስ ከላይ ተቀመጥሁ። ቡሬ አዳራሹ ውስጥ እናትነሽ ጥቅሎቹን ፈታች። አንዱን ቅጠል በጣቷ ላይ አዞረችው፤ ታጠፈ፣ አልተሰበረም።

«ያ ጆንያ ምንድን ነው?» አለች።

«የእኔ ነው» አልሁ።

ስትፈታው እንፋሎት ወጣ። እጄን ብከት እንደ ጭድ ክምር ይተኩሳል። ሽታው የጌሾ ጥንስስ ነው። ቅጠሉ ቡናማ ሆኗል፣ አንዳንዱ እጅ ላይ ይላጣል። ከውስጡ የሚረባ ጥቂት ብቻ ለቀምን። ሌላው ኮምፖስት ጉድጓድ ገባ።

«አጎቴ፣ ለምን ሁሉንም በወረቀቱ አላደረጉትም?»

«አላመንሁሽም» አልኋት።

አላኮረፈችም። «እኔም ዘንባባ ላይ ሞክሬው ስለማላውቅ ሙሉ በሙሉ አላመንሁትም ነበር» አለችኝ። ያን ጊዜ ወደድኋት፤ ሌላ ሰው ቢሆን አውቄው ነበር ይላል። ከዚያም ለነገ ገበያ ጎመን ሊልኩበት ያዘጋጁትን አዲስ ከረጢት ከመደርደሪያ አወረደች። ጓደኛዋ «ጎመኑስ?» ብትላት «ጎመን በየሳምንቱ አለ፣ ሆሳዕና በዓመት አንዴ ነው» አለቻት። ሁሉም እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ ጠቀለሉልኝ።

ቅዳሜ

ከፍኖተ ሰላም ሳንርቅ ፍተሻ ነበር። ሰው ሁሉ ወርዶ ዕቃው ይታያል። አንድ ጎልማሳ ፈታሽ ጥቅሎቼን በዱላ ነካ ነካ አደረገ።

«አባት፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ዘንባባ።»

«ይፈታ።»

«ከተፈታ አየር ገብቶ ይበላሻል። የነገ ሆሳዕና ነው።»

«ሳላይ አላሳልፍም።»

«እንግዲያው አንዱን ፍታ፣ ሌላውን እመነኝ። ካላመንኸኝ እኔ እዚሁ አድራለሁ፣ ሆሳዕናን ከአንተ ጋር እናከብራለን» ብዬ ከዕቃው አጠገብ ተቀመጥሁ።

አንዱን ፈታ። አጎንብሶ ሲያይ የጦስኙ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ። ቀና ብሎ አየኝ። «የሻይ ቅጠል ነው የያዝኸው አባት?»

«ቅጠሉ ዘንባባ ነው፣ ሻዩ ለሻጋታ ነው» አልሁት።

ሳቀና እንደገና አጥብቆ አሰረው፤ ከእኔ ይልቅ አሳምሮ አሰረው። ሌላውን ሳይነካ አሳለፈኝ። ብርዱ እየጨመረ፣ ጋቢዬ ተመልሶ ትከሻዬ ላይ ሲወጣ አገሬ መቅረቤን አወቅሁ። ለጆሮዬ እንኳ ተሻለኝ፤ ቆላ ትንኙ ብዙ ነው።

እሑድ፣ ሆሳዕና

ጥቅሎቹን ቄሰ ገበዙ ፊት አስቀመጥሁ። ራሳቸው ፈቱ። ደጀ ሰላሙ ጦስኝ ጦስኝ ሸተተ። አንዱን ለጋ አንሥተው ወደ ብርሃን ያዙት፤ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው፣ እንደ ተቆረጠ ቀን። በጣታቸው ላይ አንዴ ጠመጠሙት፣ ሁለተኛ ጠመጠሙት፣ ጫፉን አሾልከው ሳቡት። ቀለበት ሆነ።

ቀጥለው ሕዝቡን አዩ፣ ቅጠሉን አዩ። «ርጥብ ነው ካሴ፤ ግን አይበቃም» አሉ።

እውነት ነው። እኩሌታው ቡሬ ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል። ሰዉ እስከ አጥሩ ሞልቷል። አምና ሁሉም ደረሰው፣ ተሰበረበት። ዘንድሮ እኩሌታው ሰው ሳይደርሰው ሊቀር ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዤ እንዲያ ከሆነ ወይራው ይሻል ነበር።

አንዱን ቅጠል አነሣሁ። በአውራ ጣቴ ጥፍር ከጫፉ ያዝ አድርጌ ሳብሁት። እስከ ታች ድረስ ሳይቆረጥ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁለቱንም ደገምኋቸው፣ አራት ሆነ፤ ቀጭን ነው፣ ግን አይበጠስም። አምና ይህን ብሞክር ዱቄት በሆነ ነበር። ደረቅ ይሰበራል እንጂ አይካፈልም።

ቄሰ ገበዙ እጄን አዩ። ተቀመጡና እርሳቸውም በጥፍራቸው ይሰነጥቁ ጀመር። ዲያቆናቱ መጡ፣ ሴቶቹም መጡ። ደጀ ሰላሙ ላይ ቁጭ ብለን ስንሰነጥቅ ደወል ተደወለ። ዑደቱ ሲጀመር እስከ አጥሩ ድረስ ባዶ ጣት አልነበረም። ሦስተኛውን ዙር ስንጨርስ ሆን ብዬ የሰውን እጅ እያየሁ ሄድሁ፤ የተበጠሰበት አላገኘሁም።

ሕዝቡ ከተሰናበተ በኋላ ቄሰ ገበዙ ባዶዎቹን ወረቀቶች አንድ በአንድ እያጠፉ ዕቃ ቤት ሊያስገቡ ሲያዘጋጁ አገኘኋቸው። ስለ ወይራ ምንም አላነሡም።

«ካሴ፣ ለከርሞ መቼ ትነሣለህ?» አሉኝ።

«ቀደም ብዬ ነው አባቴ። እንግዲህ ቅጠሉ ይጠብቀኛል እንጂ እኔ አልሮጥለትም።»